የቡና ቦርዳችን ይመስገን

የጎጃም ሰው ለአእምሮ ሕመም ቶሎ አይታከምም የሚሉ አሉ። ስም ማጥፋት ነው። ቡና እየጠጣ በሽታ የሚለየውን የጎረቤት ጉባኤ፣ የሰፈራችንን የቡና ቦርድ፣ የሚያህል ፈጣን አገልግሎት ደብረ ማርቆስም ባሕር ዳርም አታገኙም። ካርድ የለ፣ ሰልፍ የለ፣ ቀጠሮ የለ። ታማሚው ራሱ እንኳ መቅረብ የለበትም!

አቦል ላይ በሽታው ይታወቃል። ልጁ ቆሎ ተማሪ ከነበረ «አብሾው ተነሥቶበት ነው»፣ ካልሆነ ቡዳ፣ ኮሌጅ ከበጠሰ ደግሞ «ትምህርት በዝቶበት»። ቶና ላይ መተቱን ማን እንዳሠራበት ይለያል (በድንበር የተጣላናት ጎረቤት ናት፣ ሌላ ማን ልትሆን)። በረካ ላይ መድኃኒቱ ይታዘዛል፦ ሚስት ይዳርለት። ልጅቷን ማን ጠየቃት? ይግባኝ የለም።

ምስጢር አጠባበቃችንስ! የጤና ኤክስቴንሽኗ ስትመጣ እናት ሽንት ቤቱን ታሳያለች፣ የክትባት ካርድ ታወጣለች፣ አጎበሩን ትዘረጋለች። የእህቶቹ ትዳር እንዳይሰናከል የልጁ ነገር አይነሣም። ከጓዳ አንድ ነገር ኳ ካለ «ጥጃው ነው የኔ ልጅ፣ ቡና ጠጪ» ትላለች። ያው ገመዱ የጥጃው ነው፣ ሙሉ በሙሉ አልዋሸችም።

ጸበሉን አልነካም። ግሽ ዓባይ የሚጠመቅ ሰው ኪኒን ቢውጥ ማን ከለከለው? «ሁለቱንም ያዝ» የሚሉ አባቶችም ሞልተዋል፣ ቦርዱ ግን አባል አላደረጋቸውም። ሰብሳቢያችን «ኪኒን ያደነዝዛል» ባይ ናቸው። ይህን ያሉት ሦስተኛ መለኪያ አረቄያቸውን ጨብጠው ነው።

ጤና ጣቢያውም ያግዘናል። ነርሶችና ጤና መኮንኖች ሠልጥነው የአእምሮ ሕመምን እዚያው እንዲያክሙ ከተጀመረ 10 ዓመት አልፎታል። የሠለጠነው ይዛወራል፣ መድኃኒቱ «አልቋል» ይባላል፣ ቦርዱም «አላልንም ነበር?» ይላል።

እንዲህ ዓመታት ከታገሥን በኋላ በሬ እንሸጣለን። ልጁን በሁለት ጎልማሳ መሐል አስቀምጠን የዓባይን በረሃ ተሻግረን፣ ከማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን አዲስ አበባ አማኑኤል እንገባለን። ሐኪሙ በየወሩ የሚወጋ መርፌ ያዝለትና ክትትሉን በቅርባችሁ አድርጉ ብሎ ወረቀት ይጽፋል። ወረቀቱ ላይ ያለው ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ነው፣ ባጃጅ ከቤታችን በር አንሥቶ የሚያደርሰው።

«እስካሁን የት ነበራችሁ?» ቢላቸው አጎትየው ከፋቸው። «ኧረ እኛማ መች አረፍን ዶክተር!»