ሰሙን ገዛሁ

የተሰነጠቀ ዕቃ የሚሸጥ ሰው አያናድደኝም። እኔን የሚያንገበግበኝ ስንጥቁን ቀብቶ የሚሸጠው ነው።

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ጎንደር ቅዳሜ ገበያ፣ በዛገ ቁልፍና በተሰበረ ራዲዮ መካከል አንድ ፒፓ ሲያብረቀርቅ አየሁ። «የጣሊያን መኮንን ፒፓ ነው፣ ጋሼ» አለኝ ሻጩ። በዚህ ከተማ ያረጀ ነገር ሁሉ የጣሊያን ነው። ገልበጥ ሳደርገው አንገቱ ላይ «ለንደን የተሠራ» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ተቀርጾበታል። ስጠይቀው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «በ1934 ጣሊያን ጎንደር ላይ እጁን ሲሰጥ፣ እንግሊዞቹ ረስተውት ሄደው ነዋ!» ዓይኑን እንኳ አላሸም። 1,200 ብር ከፈልኩ።

ቤት ገብቼ ዳግም አረቄ ባስነካሁት ጨርቅ ወለወልኩት። ጨርቁ ቡናማ ሆነ። የጫማ ቀለም! በላዩ ደግሞ ሰም ተደርቦበታል። ቀለሙ ሲለቅ ከጎኑ ፀጉር የምታህል መስመር ብቅ አለች። የስልኬን ባትሪ አብርቼ ትምባሆ በሚሞላበት ጎድጓዳ አፍ ላይ ደፋሁና የቤቱን መብራት አጠፋሁ፤ ብርሃኑ በስንጥቁ በኩል ክር ሆኖ ወጣ። ቅኔ በሚዘረፍበት አገር ተወልጄ፣ ሰሙን ሳልገልጥ ወርቅ አለው ብዬ መግዛቴ!

የመሰንጠቁ ምክንያት ግልጽ ነው። ጎድጓዳው ውስጥ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ከሰል ቢጋገር እንጨቱን ከእሳት ይጠብቀዋል። ይህኛው ግን ትንሿ ጣቴ እስከማትገባ ድረስ ወፍሯል። የወፈረ ከሰል ሲግል እንጨቱን ገፍቶ ይሰነጥቀዋል። የቀድሞው ባለቤት አንድ ቀን እንኳ አልፋቀውም።

የሚያበግነው ደግሞ እንጨቱ ነው። የእንጨት ፒፓ በአብዛኛው የሚቀረጸው ከአስታ ሥር ላይ ከሚያብጠው ቋጠሮ ነው። ያ እኛ ስሜን ተራራ ላይ የምናውቀው፣ ለማገዶ የምንቆርጠው አስታ! ለፒፓ የሚሆነው ቋጠሮ የሚመጣው ከሜዲትራኒያን አገሮች ነው፤ ቀቅለው፣ ለወራት አድርቀው ይሠሩታል።

ከሰሉን ፍቄ፣ ጎድጓዳውን በጨው ሞልቼ፣ አረቄ አንጠባጥቤ አሳደርኩት። ጠዋት ጨው የቡና አተላ መስሏል። እናቴ «ይህን አረቄ ለሰው ብታጠጣው ይመርቅህ ነበር» አለችኝ። የሚነከሰው ጎማ አረንጓዴ ሆኖ ነበር፤ ጎማው የሚጠነክረው በድኝ ስለሆነ ፀሐይ ሲመታው እንዲህ ያደርገዋል። ሦስት ማታ በረጠበ ብርጭቆ ወረቀት አሸሁት። ለዚህ አላማርርም፤ ማርጀት ማታለል አይደለም።

ስንጥቁን ለአናጢ ባሳየው «ውስጡን በሱፐር ግሉ ልሙላው» አለኝ። ወንድሜ፣ እሳት የሚነድበት እኮ ነው! ሙጫ ላጭስ? ስንጥቁ ባለቀበት ጫፍ ላይ በቀጭን መሰርሰሪያ ነጥብ የምታህል ቀዳዳ ብትበሳ መሄዱን ያቆማል። ከዚያ ሙጫና የእንጨት ብናኝ በውጭ በኩል ብቻ። ይህን ራሴ ሠራሁት፤ አንድ ሰዓት አልፈጀብኝም። ስንጥቁን አሳይቶኝ ቢሆን ኖሮ በግማሽ ዋጋ ደስ ብሎኝ እገዛው ነበር እኮ!

ትናንት ሄጄ ይህንኑ ነገርኩት። «ጋሼ፣ እኔ እኮ ያሳመርኩት ለእርስዎ ብዬ ነው» አለና ከጆንያው ሌላ ፒፓ አወጣ። ያብረቀርቃል። ተቀብዬ በአውራ ጣቴ አሸት አደረግሁት።

ጣቴ ቡናማ ሆነ።