ሪቢንስክን ከተማ ያደረጋት ዓሣው ብቻ አይደለም

በቮልጋ ወንዝ ዳር ስላለችው የሩሲያ ከተማ ስለ ሪቢንስክ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ከተማዋ በዓሣ ንግድ በለጸገች ይላል። ዓሣው የስሟ መነሻ ነው፤ ለዛሮቹ (ለሩሲያ ነገሥታት) ማዕድ ዓሣ የምታቀርብ መንደር ነበረች፤ ንግሥቲቱ ዳግማዊት ካትሪን በ1777 እ.ኤ.አ. ከተማ አደረገቻት። ሀብቷ ግን የመጣው ከወንዙ ጠባይ ነው። ከእሷ በላይ ቮልጋ ጥልቀቱ ስለሚቀንስ፣ እህል የጫኑ ትልልቅ ጀልባዎች ማለፍ አይችሉም ነበር። ጭነቱ እዚያው ወደ ትናንሽ ጀልባዎች ይገለበጥና በወንዝና በቦይ ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ይጓዝ ነበር። ጀልባ በገመድ የሚጎትቱት ቡርላኮች የሚጎርፉባትም በዚሁ ምክንያት ነበር።

በከተማዋ አቅራቢያ ቮልጋ ላይ የተሠራው ግድብ ነገር በጽሑፉ መዘለሉ ግን ያሳዝናል። ግድቡ የፈጠረው ሰው ሠራሽ ሐይቅ በሚያዝያ 1941 እ.ኤ.አ. መሞላት ሲጀምር ጎረቤቷ የሞሎጋ ከተማ እስከነአካቴው ሰጠመች፤ 130 ሺህ ያህል ሰው ከቀዬው ተነቀለ። ውኃው በጣም ሲጎድል ዛሬም የሞሎጋ ቤቶች መሠረት ብቅ ይላል።