የበር ልጆች

በጥቅምቱ የትምህርት ቤታችን ስብሰባ «ጎበዝና ደካማ ልጆች ይለዩ» ሲባል እጃችሁን ያወጣችሁ ወላጆች፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። በሌላ ትምህርት ቤት፣ በሌላ ከተማ ያላችሁም እንዲህ ባለ ስብሰባ ተቀምጣችሁ ከሆነ ራሳችሁን አታጡትም። እኔም እጄን አውጥቻለሁ።

የጎረቤቴ ልጅና የእኔዋ ልጅ ባንድ ግቢ ነው ያደጉት። አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ሁለተኛ ክፍል፣ አንድ መምህርት ጋር ይማራሉ። እናቱ እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤቶች ታስረክባለች፤ ሌሊት 10 ሰዓት ምጣዷ ተጥዷል። በየካቲት የመንፈቅ ዓመቱ ካርድ ሲሰጥ ሥራዋን ጥላ መሄድ ስላልቻለች፣ «ወንድሜ፣ የእኔንም ተቀበልልኝ» አለችኝና ሄድኩ።

መምህርቷ የልጄን ስም ስነግራት ፊቷ በራ፤ «በመስኮት በኩል ይቀመጡ» አለችኝ። የልጁን ስም ስጨምርላት ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እሱ የበር ነው» አለች።

ክፍሉ ሦስት ረድፍ ነው። በመስኮት በኩል ጎበዞቹ፣ መሃል መካከለኞቹ፣ በበሩ በኩል ደግሞ «ዘገምተኛ» የተባሉት። መስኮቱ ብርሃን አለው። በሩ በተከፈተ ቁጥር ብርድ ይገባል፣ በኮሪደሩ የሚያልፈው ሁሉ ልጆቹን ያያል። የንባብ መጽሐፍ ለሁሉም ስለማይበቃ ከመስኮት ጀምሮ ይታደላል፤ በር ሳይደርስ ያልቃል። የመስኮቶቹ ምንባብ ሲያነቡ የበሮቹ ፊደል ይገለብጣሉ። ዓመቱን ሙሉ ሀ ሁ ሂ።

ስወጣ ልጁ አጥር ጥግ ይጠብቀኛል። ካርዱን ሰጠሁት፤ ከ58 ተማሪ 54ኛ። «አይዞህ፣ በሚቀጥለው ታሻሽላለህ» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና «ጋሼ፣ እኔ እኮ የበር ነኝ» አለኝ። አላለቀሰም፣ አላፈረምም። ሰው የአባቱን ስም ሲጠየቅ እንደሚናገረው ነው የተናገረው።

ማታ እኛ ቤት ነበር። ልጄ የአማርኛ መጽሐፏን ስታነብ አንድ ቃል ላይ ተሰናከለች። እሱ ከማዶ ሆኖ፣ መጽሐፉ ለእሱ ተገልብጦ ሳለ፣ ቃሉን አቀበላት። መጽሐፉን አዙሬ ሰጠሁት። በጣቱ እየተከተለ፣ ቀስ እያለ፣ ገጹን ከላይ እስከ ታች አነበበው። ከእሷ መጽሐፍ፣ ማታ ማታ እየሰረቀ ተምሮታል።

«ታዲያ ለመምህርትህ ለምን አላነበብክላትም?»

«የበር ልጆች አይጠየቁም።»

ወገኖቼ፣ ይህን ይቅር ማለት አልቻልኩም። የስምንት ዓመት ልጅ ማንበብ ተምሮ፣ የሚጠይቀው ሰው ጠፍቶ፣ ማንበቡን ይዞት ተቀመጠ! እኛ ደግሞ ካርዱ ላይ 54ኛ ብለን ጻፍንበት።

በነጋታው ተቆጥቼ ትምህርት ቤት ገባሁ። መምህርቷ እስክጨርስ ሰማችኝ። ክፉ ሴት አይደለችም፤ 58 ልጅ ለአንድ ጉሮሮ ነው። ከዚያ ረጋ ብላ «ረድፉን ያመጣሁት እኔ አይደለሁም፤ ወላጆች ናችሁ ያላችሁት። እርስዎም ነበሩ» አለችኝ።

ነበርኩ። የወላጅ መምህር ኅብረት በጠራው ስብሰባ አንድ አባት ተነስቶ «ደካማው ጎበዙን ወደ ኋላ እየጎተተው ነው፤ ይለዩልን» አለ። አዳራሹ አጉረመረመ፣ ድምፅ ይሰጥ ተባለ። እጄን ሳወጣ የታየችኝ ልጄ ብቻ ናት። የልጁ እናት አልነበረችም፤ ምጣድ ላይ ነበረች። የብዙዎቹ የበር ልጆች ወላጆችም አልነበሩም፤ የቀን ሥራ ላይ፣ ጉሊት ላይ፣ ሰው ቤት ነበሩ። በሌሉበት ፈረድንባቸው። በእነሱም ብቻ አይደል፣ በልጆቻቸው ላይ!

ደግሞስ ምኑን ለክተን ነው የለየነው? ልጄ አንደኛ ክፍል ስትገባ ሦስት ዓመት የግል መዋዕለ ሕፃናት ከፍዬላታለሁ፤ ከነርሰሪ እስከ አፐር ኬጂ። እሱ እነዚያን ሦስት ዓመታት ከእናቱ ምጣድ አጠገብ ጭስ ሲበላ ነው ያሳለፈው። በመስከረም አንድ ዓይነት ወረቀት አቅርበን ፈተንናቸው። የተለካው የእኔ ኪስ ነበር፤ ጉብዝና ብለን ጠራነው፤ ከዚያም ወዲህ «ልጄ የመስኮት ናት» እያልኩ ለዘመድ አውርቻለሁ። ልጄ እሱን እፊቱ «አንተ አትችልም» ስትለው ሰምቼ አልገሠጽኳትም። ከእኔ ነው የተማረችው።

ሮበርት ሮዘንታልና ሊኖር ጃኮብሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1968 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት አለ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ባለ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ለመምህራኑ «እነዚህ ልጆች ዘንድሮ ፈጥነው ያድጋሉ» ብለው የስም ዝርዝር ሰጧቸው፤ ስሞቹ ግን በዕጣ የወጡ ነበሩ። በዓመቱ መጨረሻ፣ በተለይ አንደኛና ሁለተኛ ክፍል፣ ስማቸው የተሰጠው ልጆች ልቀው ተገኙ። ምሁራን ተከራክረውበታል፤ ዛሬም ይከራከራሉ። እኔ ግን «የበር ነኝ» ያለኝን ልጅ ዓይን ስላየሁ ክርክሩ አያስፈልገኝም።

ልጆችን መለየት ሁሉ ኃጢአት ነው አልልም። በሕንድ ፕራታም የተባለ ድርጅት በንባብ ወደ ኋላ የቀሩትን በቀን አንድ ሁለት ሰዓት በደረጃቸው ሰብስቦ ያስተምራል፤ ልጁ ሲያነብ ወዲያው ወደሚቀጥለው ቡድን ያልፋል። እዚያ የሚለዩት ሊጠጓቸው ነው። የኔታ ዘንድ የቆጠራችሁም ታውቁታላችሁ፤ ፊደል ላይ ያለው መልእክተ ዮሐንስ ከደረሰው አጠገብ ይቀመጣል፣ የቀደመው ያልደረሰውን ያስቆጥረዋል። ዱላው ነበር፣ አልክድም። ነገር ግን ሳይጠየቅ የሚውል ልጅ አልነበረም።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ውጤት ሲነገር 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው ሲባል አገር ደነገጠ። ፈተናው ከበደ፣ መምህሩ ሰነፈ፣ ሥርዓቱ ወደቀ አልን። ሁሉም ይኖርበታል። ሁለተኛ ክፍል ላይ በር ጥግ አስቀምጠን የረሳናቸውን ግን ማንም አልቆጠረም።

መምህርቷ ልጁ ሲያነብ በጆሮዋ ሰምታ፣ ከፋሲካ በኋላ ወደ መሃል አዛወረችው። እናቱ እልል አለች። እኔም ደስ ብሎኝ ሰነበትኩ። ቆይቼ ነው የሰማሁት፤ መሃል ቦታ ስላልነበረ አንዲት ልጅ ወደ በር ወጥታለች። የማን ልጅ እንደሆነች አላውቅም። ወላጆቿም ምናልባት ሥራ ላይ ነበሩ። ለአንዱ ስማልድ ሌላዋን አስወጣሁ፤ ረድፉ ግን አልተነቃነቀም። ረድፍ ካለ የበር ልጅ አይጠፋም።

እባካችሁ፣ በመስከረም ስብሰባ አለ። በዚህ ክረምት የ14 ልጆች ወላጆችን ቤት ለቤት አነጋግሬያለሁ፤ ረድፉ ይፍረስ፣ ልጆቹ ተቀላቅለው ይቀመጡ፣ ቦታ በየሳምንቱ ይለዋወጡ፣ መጽሐፉም አንድ ጊዜ ከበር ይጀመር ብዬ። ስድስቱ «የእኔ ልጅ ምን በወጣው» አሉኝ። ያንን ንግግር አውቀዋለሁ፤ የእኔ ነበር። አምስቱ «እናያለን» አሉኝ። ሦስቱ እሺ ብለዋል፤ ከሦስቱ አንዷ ልጇ የመስኮት ናት። ስብሰባው ቅዳሜ ከሰዓት እንዲሆን አመልክቻለሁ፤ የልጁ እናት ያን ሰዓት ምጣዷን ታወርዳለች።