ይድረስ ለክቡር የምርጫ ትንበያ

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ ጎጃሞች፣ ቅጽ አስይዘው በየደጁ ከሚልኳቸው ልጆች በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

«አንዱ ፓርቲ ሌላውን በመቶኛ 48 ለ44 ይመራል» ብለው ማወጅዎን ሰማን። የጠየቁት 1,000 ሰው ነው። ከግርጌው፣ የጉንዳን እግር በምታክል ፊደል፣ «3 በመቶ ከፍ ዝቅ ሊል ይችላል» የምትል ነገር አለች። ያች 3 ግን ለየአንዳንዱ ቁጥር ናት፤ በሁለቱ መካከል ላለው ልዩነት ሲሆን ወደ 6 ትጠጋለች። 4 ነጥብዎ እዚያው ውስጥ ሰጠመ ማለት ነው። ስሕተቱን በግማሽ ለመቀነስ ደግሞ 4 እጥፍ ሰው መጠየቅ ያሻል፤ አበሉ አሳስቦዎት ይሆናል።

ለመሆኑ እነማንን ጠየቁ? ቡሬ ገበያ በርበሬ የሚገዛ ሰው የጆንያውን አፍ አይቶ አይከፍልም፤ ክንዱን እስከ ታች ይሰዳል። እርስዎ ግን ከአፉ ይዘግናሉ፦ ስልክ ያነሳውን፣ ከተማ የተገኘውን፣ ቴሌግራም ላይ ራሱ መጥቶ የተጫነውን። ብዛትም አያድንዎትም። እ.ኤ.አ. በ1936 ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለ የአሜሪካ መጽሔት 10 ሚሊዮን ያህል ቅጽ በትኖ፣ ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰብስቦ በፕሬዚዳንቱ ምርጫ «ላንደን ያሸንፋል» አለ። ተፎካካሪው ሩዝቬልት ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን ወሰደ። አድራሻው በአብዛኛው የተለቀመው ከባለስልክና ከባለመኪና መዝገብ ነበር።

የቅኔ ቤቶቹ ዋሸራና ጎንጅ ባሉበት አገር መጥተው፣ ጎረቤት ጆሮውን አቁሞ ሳለ፣ «ማንን ትመርጣለህ?» ይላሉ። የሚሰጥዎት ሰሙን ነው፤ እርስዎ ወርቅ ብለው ይመዝኑታል። «እግዜር ያውቃል» ያለዎትን ሽማግሌ «አልወሰነም» ብለው ይጽፉታል። ሽማግሌው ያልወሰነው እኮ እርስዎን ስለማመን ነው!

«ትመርጣለህ?» ሲሉትም መልሱ «አዎ» ነው፤ «አልመርጥም» ማለት ያሳፍራላ። የመራጭነት ካርድ አውጥቶ እንደሆነ፣ ጣቢያው የት እንደሆነ ቢጠይቁት ኖሮ ስንቱ «አዎ» በተነነ። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ምርጫው የዋለው ሰኞ ነበር፤ ሰኔና ሰኞ! በሬውን ፈትቶ መጥቶ ሰልፉን አይቶ ወደ ማሳው የተመለሰ ሰው ከየትኛው ዓምድዎ ይገባል?

የምክር ቤቱን 547 መቀመጫ ደግሞ በየምርጫ ክልሉ ብልጫ ድምፅ ያገኘ ይወስዳል። አገር አቀፍ መቶኛዎ ደጀን ላይ ማን እንደሚያሸንፍ አይነግረንም።

ተመልሰው የሚመጡ ከሆነ፣ ጥያቄው ቃል በቃል ምን እንደሚል፣ በየትኞቹ ቀናት እንደተጠየቀ፣ ስንት ሰው በር እንደዘጋብዎት ጽፈው ይምጡ። ቀን አይምጡ፤ ከብት ከገባ በኋላ።

አክባሪዎችዎ፣
«ገና አልወሰንሁም» የሚለው ሳጥን ውስጥ ያጎሩን