ቆጥ ያለው ሰው ጎረቤት አያጣም

ድሬዳዋ ውስጥ ጣሪያ ጠላት ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ ፀሐይዋ ከጠዋት ጀምራ ቆርቆሮውን ትገርፈዋለች፤ ቆርቆሮውም የደረሰበትን በደል ለራሱ አያስቀርም፤ ለኮርኒሱ ያወርሳል፤ ኮርኒሱ ደግሞ ለባለቤቱ። ማታ ቆርቆሮው ቶሎ በርዶ ሲገላገል፣ ቀኑን ሙሉ ሙቀት ሲጠጣ የዋለው የብሎኬት ግድግዳ ተራውን ይረከባል። ስለዚህ የድሬ ሰው አልጋውን ግቢ አውጥቶ በከዋክብት ሥር ይተኛል፤ ቤቱን ለዕቃው ይለቅለታል።

ዕቃ ካልን ዘንድ፣ ከተማችን ዕቃ መጣል አታውቅም። አፈጣጠሯም እንደዚያው ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር የሐረርን ተራራ መውጣት ከብዶት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1902 እግሩ ሥር ሲቆም፣ ጭነቱ የተራገፈበት ሜዳ ድሬዳዋ ሆነ። ከዚያን ቀን ወዲህ ዕቃው ሲራገፍ ኖሯል፤ ሲነሣ ያየው ሰው ግን ጥቂት ነው። ከዚራም ይሁን ሳቢያን የፈለጋችሁት ቤት ገብታችሁ አልጋ ሥር ጎንበስ በሉ፦ ቁልፉ የተሰበረ ሻንጣ፣ ክንፉ የረገፈ ቬንትሌተር፣ ክዳን የሌለው ጀሪካን፣ ከዚያም አለፍ ብሎ የትኛውንም ጀሪካን የማይገጥም ክዳን። መኪናው ከተሸጠ ዘመን የቆጠረ የፔዦ 404 በርም አይቻለሁ። «ለምን አትጥሉትም?» ስትሉ መልሱ አንድ ነው፤ «ይጠቅማል»። መቼ እንደሚጠቅም መጠየቅ ነውር ነው።

የሐረር ሰዎች በዚህ ረገድ ከእኛ ይሻላሉ። በጀጎል የአደሬ ቤት ስፌቱም ሳህኑም ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ለእንግዳ ይታያል፤ ላይኛው ክፍል፣ ቀላ የሚሉት፣ ለማከማቻ ያገለግላል፤ ወፍራሙ የድንጋይ ግድግዳም የቀኑን ፀሐይ ከበር ይመልሳታል። እርግጥ እነሱ ከእኛ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ብለው ስለሚኖሩ ነፋሱም ያግዛቸዋል። እኛ ግን ሀብታችንን አናሳይም፤ እንደብቃለን። መደበቂያው ሲሞላ ደግሞ ዓይናችን ወደ ላይ ያቀናል።

የሰፈራችን የባቡር ጡረተኛ ዓይናቸው ወደ ላይ የቀናው እንዲህ ነው። ከኮርኒሱ በላይ፣ ከቆርቆሮው በታች፣ ከአይጥ በቀር ግብር የማይከፍልበት ሰፊ ቦታ እንዳለ ደረሱበት። ወለሉ ጣውላ ይነጠፍበታል፤ ሙቀት መከላከያ ይገባለታል፤ ቤቱም ይቀዘቅዛል፤ አልጋ ሥር ያለውም ሁሉ ይወጣል። ሐሳቡ በወጉ ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ ቀረበ።

በድሬዳዋ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ መሃንዲስ ያልሆነ ሰው የለም። ለውዙ ሲፈለፈል፣ ውሃው ሲዞር፣ ምርቃናው ሲመጣ፣ ጥዋት በር መዝጋት ያቃተው ሰው ሁሉ ድልድይ ይዘረጋል። የጡረተኛው ቆጥ በዚያን ቀን ብቻ ባለሁለት ደረጃ ሆነ፤ ማንሻ ተገጠመለት፤ ወደ ማታ ላይ ለኪራይ ሊወጣም ነበር። መሐል ላይ እንግሊዝ አገር የሚኖረው የወንድማቸው ልጅ በስልክ ገባና እዚያ አገር መከላከያው፣ ከድንጋይ ወይም ከመስታወት የተፈተለ የማዕድን ሱፍ፣ ከኮርኒሱ በላይ እስከ 27 ሴንቲሜትር ውፍረት እንደሚነጠፍ፣ ሙቀቱም ከቤት እንዳይወጣ እንደሚደረግ አስረዳ።

«እንዳይወጣ?» አሉ የቤቱ እመቤት ከማድ ቤት። «እኛ አንሶላ ከብዶናል፣ ለቤቱ ብርድ ልብስ ልትገዙለት ነው?»

በርጫው ተናወጠ። እውነት ለመናገር ጥያቄው የሴትዮዋ ብቻ አልነበረም፤ ሁሉም በልቡ ይዞት ነበር። ያዳነን ቆጡን ሊሠራ የተጠራው አናጢ ነው። የበረዶ ነጋዴ በረዶውን በማዳበሪያና በሰጋቱራ የሚጠቀልለው እንዲሞቀው ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። መከላከያው ሙቀት አያመነጭም፤ በውስጡ የታፈነው አየር ስለማይንቀሳቀስ ሙቀቱን ያዘገየዋል፤ እንግሊዝ ውስጥ መውጫውን ይዘጋል፣ ድሬ ውስጥ መግቢያውን። ሴትዮዋ ጥቂት አሰቡና «ታዲያ የገባው በየት ይወጣል?» አሉ። እኔ በበኩሌ ከዚያ ሁሉ መሃንዲስ መካከል ትክክለኛውን ጥያቄ የጠየቁት እሳቸው ብቻ ናቸው እላለሁ። ግራና ቀኝ በግንባሩ በኩል የአየር መተላለፊያ ቀዳዳ የተተወው በእሳቸው ምክንያት ነው።

ከዚያ ወዲያ ጠቡ መከላከያው የት ይሁን በሚለው ሆነ። ኮርኒሱ ላይ ከተነጠፈ ሰዎቹ ይቀዘቅዛሉ፤ ቆጡ ግን ከቆርቆሮው ጋር ብቻውን ቀርቶ ምድጃ ይሆናል፤ የተቀመጠው ፕላስቲክም ቅርጹን ይረሳል። ከቆርቆሮው ሥር በወራጆቹ መካከል ከተወተፈ ደግሞ ዕቃውም ሰውም ይተርፋል፤ የሚፈጀው ግን ይበዛል። ጡረተኛው ብዙም አላመነቱም፤ ለዕቃው አደሉ። ጠቅጥቀው ሊወትፉት ሲሉ አናጢው እጃቸውን ያዘ፤ ከታመቀ አየሩ ይወጣል፤ አየሩ ከወጣ ጥጥ ብቻ ነው። ከሥሩም ሙቀት የሚያግደው ብርማ ሽፋን የሚያበራ ፊቱን ወደ ታች አድርጎ፣ ክፍተት ተትቶለት ተወጠረ።

አናጢው ይህን ሁሉ አውቆ ያላወቀው አንድ ነገር መከላከያው የተሠራበትን የመስታወት ክር፣ የፋይበር ግላስን፣ ጠባይ ነው። በዚያ ሙቀት ሸሚዙን አውልቆ ወጣ። እጅጌ ያለው ልብስ፣ ጓንትና የአፍንጫ መሸፈኛ ያስፈልጋል ያለው ሰው ነበር፤ ማን ሰምቶት። ሳምንቱን ሙሉ በርጫ ላይ ሲቀመጥ በአንድ እጁ እየቃመ በሌላው ጀርባውን ሲያክ ከረመ፤ አንዳንዱ ሰውም ምርቃናው ከበደው ብሎ አማው።

ኮርኒስ የተሠራው ቺፑድ ሊሸከም ነው እንጂ ሰው ሊሸከም አይደለም፤ ያ ቀጭን ሞራሌ ከራሱ በቀር ኃላፊነት የለበትም። ጣውላው የሚያርፍበት ወፍራም ወራጅ ግድግዳውን ተደግፎ ለብቻው መዘርጋት ነበረበት፤ ተዘረጋም። ችግሩ ሳይዘረጋ በፊት አናጢው በሞራሌዎቹ መካከል መራመዱ ላይ ነው። ታች ቡናው ሁለተኛው ደርሷል። ድንገት ከኮርኒሱ መሐል፣ አቧራና የቺፑድ ስባሪ አስቀድሞ፣ አንድ እግር እስከ ጉልበቱ ወረደ። ነጠላ ጫማው አልወደቀም፤ በአውራ ጣቱ ይዞታል። የቤቱ እመቤት ሲኒዎቹን በነጠላቸው ጋረዱ፤ ረከቦቱን ወደ ጎን ገፋ አደረጉ፤ ወደ እግሩ ቀና ብለው፣

«አቦ፣ ቡና ያማረው ሰው በበር ነው የሚገባው» አሉት።

እግሩም በትሕትና ወደ መጣበት ተመለሰ።

ሥራው ሲያልቅ ግን ያላፌዘበት ሰው ሁሉ አፈረ፤ ያፌዘውማ ጭራሽ አገር ለቀቀ። ቤቱ በእውነት ቀዘቀዘ። ከሁሉ የቀዘቀዘው ደግሞ ቆጡ ነው፤ ነፋሱ ከግንባር ወደ ግንባር ያልፍበታል። የፔዦው በርና ክንፍ የሌለው ቬንትሌተር ከተማው ውስጥ ከማንም የተሻለ ሆቴል ያዙ። ባለቤቶቻቸው ግን እንደ ልማዳቸው ግቢ ውስጥ ተኙ፤ ቤት ውስጥ ቢተኙ ጎረቤት ተጣልተው ነው ይላላ!

መከራው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ድሬዳዋ ውስጥ አንድ ሰው ቆጥ ካለው ሰፈሩ ቆጥ አለው ማለት ነው። አስቀድማ የመጣችው ጎረቤት ፍራሽ ይዛ «ለሁለት ቀን ብቻ» አለች። ሁለት ቀን በእኛ ዘንድ ከልጅ እስከ ልጅ ልጅ ያለ ጊዜ ነው። ቀጥሎ የተፋቱ ባልና ሚስት ቁም ሳጥን ገባ፤ ፍርድ ቤት እስኪወስን ድረስ ገለልተኛ ቦታ ይሁን ተብሎ። አንዱ ሚስቱ ያላወቀችበትን ቴሌቪዥን በሌሊት አስወጣ። እድሩ ድንኳኑንና አግዳሚ ወንበሮቹን እዚያ እንዲያኖር ጡረተኛው ባልተገኙበት ስብሰባ በሙሉ ድምፅ ወሰነ። አንድ የስምንተኛ ክፍል ተፈታኝም መጽሐፉን ይዞ ወጣና አልወርድም አለ፤ ይሄኛውን እንኳ እኔም አልፈርድበትም።

ጡረተኛው እምቢ አላሉም። በድሬ ወግ እምቢ ከማለት ቤት ማፍረስ ይቀላል። ይልቅስ የሸመንደፈር ዘመናቸው ትዝ አላቸውና ወፍራም መዝገብ ከፈቱ፤ የዕቃው ዓይነት፣ የላኪው ስም፣ የገባበት ቀን። የወጣበት ቀን የሚለው ዓምድ እስከ ዛሬ ባዶ ነው። ነፋሱ የሚገባበት አጠገብ አንደኛ ማዕረግ፣ ጣሪያው ዝቅ የሚልበት ጥግ ሦስተኛ ማዕረግ ተባለ። ፍራሿ ሦስተኛ ማዕረግ ደረሳት፤ ባለቤቷ እስካሁን አኩርፋለች።

አሁን የማጫውታችሁ ግን ገና ያላለቀ ጉዳይ ነው። ለፊታችን እሑድ ሰፈራችን ሰርግ አለ። ወጡ የሚሠራበት የእድሩ ትልቅ ድስት ቆጡ ላይ ነው። ሲወጣ መውጫው ገና ሰፊ ቀዳዳ ነበር፤ በኋላ አናጢው ቀዳዳውን አጥብቦ መቃን ገጠመለት፣ መዝጊያ አበጀለት፣ መሰላልም ሠራለት፤ በጣም ያምራል። ድስቱ ግን አያልፍም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለችው ሴት እንኳ ያወረደችው ነገር ነበራት፤ እኛ የቆጡንም አላገኘነው። መቃኑ ይፈረስ ሲባል አናጢው አለቀሰ። ቆርቆሮው ይከፈት ሲባል ጡረተኛው መዝገቡን ዘጉ። ወጡ እዚያው ላይ ይሠራ የሚል ሐሳብም ከበርጫ መጥቶ ነበር፤ ተፈታኙ ጭሱን ተቃወመ። በመጨረሻ የሙሽራይቱ እናት ይህ ሁሉ ለምን፣ ከላይ ሰፈር እድር ድስት እንዋስ አሉ። ሰው ሁሉ እፎይ ብሎ ወደዚያ ተላከ።

መልእክተኛው ቶሎ ተመለሰ። የላይ ሰፈሩም ድስት እዚሁ እኛ ቆጥ ላይ ነው፤ ሁለተኛ ማዕረግ።