ለአንዲት «5ጂ» ምልክት ስልክ ይቀየራል?

ታናሽ ወንድሜ ሰሞኑን አዲስ ስልክ ገዛ። አሮጌው አልተበላሸም፤ ስክሪኑም አልተሰነጠቀም። «ለምን ቀየርከው?» ስለው ጥያቄው ራሱ ገረመው። «ያኛው እኮ 4ጂ ነው» አለኝ። ወዲያው የፍጥነት መለኪያ አፕ ከፈተና ስልኩን ወደ እኔ ገፋው። መርፌዋ ተስፈንጥራ በሰከንድ 400 ሜጋቢትን አለፈች። አራት ዓመት ያገለገለኝን ስልክ አጠገቡ አስቀምጠን ለካን። 38 ላይ ቆመ። ወንድሜ ምንም አላለም። ፈገግታው በቂ ነበር።

እኔም እልህ ያዘኝ። «እሺ፣ አሁን ደግሞ እንደ ሰው እንጠቀምባቸው» አልኩት። በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ቪዲዮ እኩል ነካን። እኩል ጀመሩ። የድምፅ መልእክት ላክን፤ እኩል ሄደ። ቀጥለን አንድ የዜና ድረ ገጽ ከፈትን። እዚህ ላይ የእሱ ቀደመ። የእኔ መጀመሪያ ርዕሱን አሳየ። ከዚያ ማስታወቂያ መጣና ጽሑፉን ወደ ታች ገፋው። ሌላ ማስታወቂያ መጣ፤ እንደገና ገፋው። ጣቴን ባሳርፍበትም ለጥቂት ሰከንድ ስታክ አድርጎ ቀረ። «አየህ ኔትወርኩን!» አለ ወንድሜ።

ሁለቱንም ከአንድ ዋይፋይ ጋር አገናኘናቸው። አሁን ሁለቱም ዳታ የሚቀዱት ከአንድ ምንጭ ነው። ገጹን እንደገና ከፈትነው። የእኔ በዚያው ልክ ዘገየ።

ስልኬ የተንቀራፈፈው ዳታ ሳይደርሰው ቀርቶ አይደለም ማለት ነው። ደርሶታል። ማኘክ ነው ያቃተው። የዛሬ ድረ ገጽ ጽሑፍና ፎቶ ብቻ አይደለም፤ ስልኩ ራሱ አንብቦ፣ ተርጉሞ፣ አስልቶ የሚያስፈጽመው ብዙ ኮድ አብሮት ይመጣል። ያንን የሚሠሩት የስልኩ አንጎል የሆነው ፕሮሰሰርና ሲሠራ መረጃ የሚያቆይበት ራም ናቸው። ኔትወርኩ እቃውን ደጃፍ ላይ አራግፎ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጣጣ የስልኩ ነው። ወንድሜ የገዛው ፈጣን ፕሮሰሰር ነበር። የከፈለው ግን ለ5ጂ መስሎታል።

ኔትወርክ በተፋጠነ ቁጥር «ስልኬን ልቀይር ወይ?» የሚለው ጥያቄ ይመጣል። በ3ጂም መጣ፣ በ4ጂም መጣ። ለፍጥነቱ ብላችሁ ብቻ ከሆነ አትቀይሩ ባይ ነኝ። ምክንያቴን ለማየት ትንሽ ሂሳብ እንሥራ።

ኔትፍሊክስ ጥርት ላለ (1080 ፒ) ቪዲዮ በሰከንድ 5 ሜጋቢት ይበቃል ይላል። ከዚያም ለሚልቀው ለ4ኬ ጥራት ደግሞ 15። 4ኬ ትልቅ ቴሌቪዥን ላይ የሚያምር ጥራት ነው፤ በመዳፍ በምትያዝ ስክሪን ላይ ልዩነቱ ይታየኛል የሚል ሰው ካለ ዓይኑ ይባረክ። የስልክ ጥሪማ ከቁጥር አይገባም። በ4ጂ የሚደረግ ድምፁ ጥርት ያለ ጥሪ ብዙውን ጊዜ 24 ኪሎቢት እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ወንድሜ የሳቀበት የእኔ 38 ሜጋቢት ሰባት ሰው በአንድ ጊዜ ጥሩ ቪዲዮ ሊያይበት የሚችል ነው። እኔ ደግሞ አንድ ሰው ነኝ።

የተረፈው ፍጥነት የት ይሄዳል? የትም። ቪዲዮ የሚያጫውተው አፕ ዳታውን በቁራጭ በቁራጭ ይጠራል። ለቀጣዮቹ ሰከንዶች የሚሆን ስንቅ ከያዘ በኋላ ያርፋል። ሲጎድልበት እንደገና ይጠራል። መስመሩ 40 ይሁን 400 ስንቁ ከሞላ ሞላ ነው። የእኛ ዓይን ደግሞ ፊልሙን የሚያየው በፊልሙ ፍጥነት ነው።

ልዩነቱ የሚታይበት ቦታ የለም አልልም። 2 ጊጋባይት የሚመዝን ጌም ስናወርድ ይታያል። እዚህ ላይ አንድ የምታሳስት ነገር አለች፦ የኔትወርክ ፍጥነት የሚለካው በሜጋቢት ነው፣ የፋይል መጠን ግን በሜጋባይት። 1 ባይት 8 ቢት ነው። 400 ሜጋቢት ማለት በሰከንድ 50 ሜጋባይት ብቻ ነው። እናም ያ ጌም በወንድሜ ስልክ በ40 ሰከንድ፣ በእኔ በ7 ደቂቃ ገደማ ይወርዳል። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ አልክድም። ግን ይህን በወር ስንት ጊዜ አደርገዋለሁ? ስልኬ ኪሴ ውስጥ ሆኖ ቢያወርደውስ ምን ጎደለብኝ?

እግረ መንገዴን፣ ያው ሂሳብ ሌላም ነገር ይነግረናል። በሰከንድ 50 ሜጋባይት የሚጠጣ ስልክ 10 ጊጋባይት ፓኬጅ ለመጨረስ 200 ሰከንድ ይበቃዋል። ሦስት ደቂቃ ተኩል አይሞላም። ማንም ሰው ሆን ብሎ እንዲህ አያደርግም። ግን አፖቹ ብልጦች ናቸው። መስመሩ ሰፊ መሆኑን ሲያዩ የቪዲዮውን ጥራት ሳይጠይቁ ከፍ ያደርጉታል። «ዳታዬን ማን በላው?» የሚባለው ከዚያ በኋላ ነው።

ሌላው ነገር ፍጥነት የምንለው ራሱ ሁለት ነገር መሆኑ ነው። አንዱ ቧንቧው ምን ያህል ይሰፋል የሚለው ነው። ሌላው ውሃው ከጠራነው በኋላ ስንት ቆይቶ ይደርሳል የሚለው ነው፤ ጌም ተጫዋቾች ፒንግ የሚሉት። ማስታወቂያ ስለ መጀመሪያው ብቻ ያወራል። አንድ ድረ ገጽ ሲከፈት ግን ስልኩ ገጹን ከያዘው ኮምፒውተር (ሰርቨር) ጋር ደጋግሞ ይመላለሳል። ሰላምታ አለ፣ መተዋወቅ አለ፣ «ይህን ስጠኝ፣ ያንን ጨምርልኝ» አለ። በ2010 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የጉግሉ መሐንዲስ ማይክ ቤልሽ ይህንን ፈትሾ ነበር። መስመሩን ከ5 ሜጋቢት ወደ 10 ሲያሳድገው ገጾች የፈጠኑት በ5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ምልልሱን ሲያሳጥረው ግን ባሳጠረው ልክ ፈጠኑ። 5ጂ ይህንን ምልልስም ያሻሽላል ተብሎ ነበር፤ በተወሰነ ደረጃም ያሻሽላል። ብዙ ቦታ የተዘረጋው 5ጂ ግን በ4ጂ ሥርዓት ላይ የተደረበ ነው። የቤቱ ጣሪያ ታደሰ እንጂ መሠረቱ ያው ነው።

ከሁሉም የሚያስገርመኝ ፍጥነትን እንደ ስልኩ ንብረት መቁጠራችን ነው። አንድ አንቴና የሚሰጠው አቅም በአካባቢው ያለ ሰው ሁሉ የሚካፈለው ነው። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ብቻዬን የምፈነጭበት መስመር፣ ምሽት 1 ሰዓት ላይ ሰው ሁሉ ቪዲዮ ሲከፍት ሌላ ነገር ይሆናል። ሲግናሉ ደካማ ሲሆን ደግሞ ስልኩና አንቴናው ቀስ ብለው ለመነጋገር ይገደዳሉ። በመንገድ የጠፋው ዳታ እንደገና ይላካል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይሄ ነው።

«5ጂ» የሚለው ስምም ቢሆን አንድ ነገር አይደለም፤ እንደሚሠራበት የሬዲዮ ሞገድ ይለያያል። 700 ሜጋኸርትዝ አካባቢ የሚሠራው ሩቅ ይደርሳል፣ ግድግዳም ያልፋል፤ ፍጥነቱ ግን ከጥሩ 4ጂ ብዙም አይርቅም። 3.5 ጊጋኸርትዝ አካባቢ ያለው መካከለኛው ነው፤ ጥሩ ፍጥነት የሚገኘው በአብዛኛው ከዚህ ነው። ከ24 ጊጋኸርትዝ በላይ ያለው ጉደኛ ፍጥነት አለው። ግን ግድግዳ ያስቆመዋል፣ የዛፍ ቅጠል ያስቸግረዋል፣ እጃችን ራሱ ይጋርደዋል። ከስክሪኑ ጥግ ያለችው ምልክት ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ አብዛኛውን ጊዜ አትናገርም።

ምልክቷ ሙሉ በሙሉ የምታታልልበት ጊዜም ነበር። በ2019 መጀመሪያ ላይ አሜሪካ ውስጥ ኤቲ ኤንድ ቲ የተባለው የቴሌኮም ኩባንያ በአንዳንድ የ4ጂ ስልኮች ላይ «5ጂ ኢ» የሚል ምልክት አወጣ። ስልኩ ያው፣ ኔትወርኩም የተሻሻለ 4ጂ። በቀጣዩ ዓመት የማስታወቂያ ዘርፉ ገምጋሚ አካል ስሙ ሰው ያሳስታል አለ። ኩባንያውም በማስታወቂያው ላይ መጠቀሙን ለማቆም ተስማማ።

የደቡብ ኮሪያው ደግሞ ይብሳል። አገሪቱ በሚያዝያ 2019 ከዓለም ቀድመው 5ጂ ከጀመሩት አንዷ ናት። ኦፕሬተሮቹ በሰከንድ 20 ጊጋቢት እያሉ አስተዋወቁ። ይህ ቁጥር የተወሰደው ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለ5ጂ ካወጣው መመዘኛ ነው። የላቦራቶሪ ጣሪያ ማለት ነው። በዚያው መመዘኛ ላይ ተራ ተጠቃሚ ሊያገኘው ይገባል የተባለው የማውረድ ፍጥነት 100 ሜጋቢት ነበር፤ ያንን ማንም ቢልቦርድ ላይ አልሰቀለውም። በግንቦት 2023 የአገሪቱ የንግድ ውድድር ኮሚሽን ሦስቱን ኦፕሬተሮች በድምሩ 33.6 ቢሊዮን ዎን ቀጣቸው። ደንበኛው ያገኘው የነበረው አማካይ ፍጥነት 1 ጊጋቢት እንኳ አይሞላም ነበር። በዚያ ሰሞን መንግሥት የጉደኛውን የ28 ጊጋኸርትዝ ፈቃድም አንቴና በበቂ አልተከላችሁም ብሎ መልሶ ወሰደባቸው። ለዚያ ፍጥነት ብሎ ቀድሞ ስልክ የገዛ ሰው ምን ይበል?

ተቃራኒውን ምሳሌ ደግሞ እዩት። የመጀመሪያው አይፎን በ2007 ሲወጣ 3ጂ እንኳ አልነበረውም። 3ጂ ያላቸው ስልኮች ገበያ ላይ ሞልተው ነበር። ሰው ግን ተሰለፈለት። ስክሪኑና አሠራሩ እንጂ የዳታው ፍጥነት አልነበረም የሳበው። አፕል በ5ጂም አልቸኮለም፤ አይፎን 12 የወጣው በጥቅምት 2020 ነው። ያን ያህል ዘግይቶም ገበያውን አልተነጠቀም። ቀድመው የወጡት የ5ጂ ስልኮች ደግሞ ለብቻው የተጨመረ የ5ጂ ሞደም (ስልኩን ከኔትወርክ ጋር የሚያነጋግረው ክፍል) ተሸክመው ይግሉ ነበር፤ ባትሪም ይጨርሱ ነበር።

ለፍጥነት ብሎ መቀየር ጨርሶ ስህተት ነው እንዳይመስልብኝ። ስልኩን ሆትስፖት አድርጎ በላፕቶፕ የሚሠራ ሰው፣ ቤቱ ሌላ ኢንተርኔት የሌለው፣ አውቃለሁ። ለእሱ ስልኩ የቤቱ መስመር ነው። ረጃጅም ቪዲዮ ቀርጾ ከሜዳ የሚልክም አለ፤ መላኪያው መስመር አብዛኛውን ጊዜ ከማውረጃው ይጠባል፣ እያንዳንዱ ሜጋቢት ይቆጠርለታል። ሌላው ሲግናል በሚያስቸግርበት ቦታ የሚኖር ሰው ነው። አዲስ ሞደም ብዙ ባንድ (የሞገድ ክልል) ይይዛል፣ ብዙ ባንድንም አንድ ላይ ያጣምራል። 5ጂ በሌለበት እንኳ 4ጂውን የተሻለ ሊያደርግለት ይችላል። ኔትወርክ ሲዘጋማ ምርጫ የለም። በ2022 አሜሪካ ውስጥ 3ጂ ሲጠፋ በ4ጂ መደወል የማይችሉ ስልኮች መደወል አቆሙ። ግን ያ መገደድ ነው እንጂ ፍጥነት ፍለጋ አይደለም።

ከእነዚህ አንዱ ከሆናችሁም ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ነገር ሞክሩ። 5ጂ ያለው ስልክ ከጓደኛ ተዋሱ። ሲማችሁን ክተቱበት። ከዚያ ኔትወርኩ የሚያናድዳችሁ ቦታ ሂዱ፤ በሚያናድዳችሁ ሰዓት። የፍጥነት መለኪያውን ተዉትና የምትጠቀሙበትን አፕ ክፈቱ። ለውጥ ካያችሁ ግዙ። ስልኩ የእናንተ ኦፕሬተር የሚጠቀምባቸውን ባንዶች መያዙንም አረጋግጡ። ለሌላ አገር ገበያ የተሠራ ስልክ ሳጥኑ ላይ «5ጂ» ተጽፎበት እናንተ ጋ 4ጂ ብቻ ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ አይፎን 12 ያንን ከ24 ጊጋኸርትዝ በላይ ያለውን ሞገድ የሚይዘው ለአሜሪካ በተሠራው ሞዴል ብቻ ነው።

ለውጥ ካላያችሁ ችግሩ ከኔትወርኩ ሳይሆን አይቀርም፤ አዲስ ስልክ አይፈታውም። ስልካችሁ በጥሩ ዋይፋይም የሚንቀራፈፍ ከሆነ ግን ችግሩ ከራሱ ከስልካችሁ ሊሆን ይችላል። ስቶሬጁ አፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ይሆናል። ወይም ባትሪው አርጅቷል። በታኅሣሥ 2017 አፕል ባትሪያቸው የደከመ አይፎኖች ድንገት እንዳይጠፉ ብሎ ፍጥነታቸውን እንደሚቀንስ አምኗል። ባትሪውን ያስቀየረ ሰው ስልኩ እንደ አዲስ ሮጠለት። ስንቱ ከዚያ በፊት አዲስ ስልክ ገዝቶ ይሆን?

እኔም ስልኬን ጠረግሁት። ለዓመታት ያልከፈትኳቸውን አፖች አጠፋሁ፣ ባትሪውን አስቀየርኩ። የዜናው ገጽ አሁንም አንዴ ይገፋል፤ ሁለት ጊዜ ግን አይገፋም። የደህንነት አፕዴቱ በመጪው ዓመት ያበቃል። ያኔ እቀይረዋለሁ። የምገዛው 5ጂ እንደሚኖረው አውቃለሁ፤ የሌለውን ማግኘት ራሱ እየከበደ ነው። ሻጩን ግን መጀመሪያ የምጠይቀው ስንት ራም እንዳለውና ለስንት ዓመት አፕዴት እንደሚያገኝ ነው።