ባካፕማ አለኝ

«ባካፕ ይዘሃል?» ሲሉት «ምን ነካህ፣ አለኝ እንጂ!» ብሎ የላፕቶፕ ቦርሳውን መታ መታ የሚያደርግ ሰው አራት ኪሎን ሞልቷታል። ባካፑ፣ ማለትም የፋይሎቹ መጠባበቂያ ቅጂ ያለበት ሃርድ ዲስክ፣ እዚያው ቦርሳ ውስጥ፣ በቻርጀሩ ገመድ ተጠምጥሞ ከላፕቶፑ ጎን ተኝቷል። በታክሲ ግፊያ ቦርሳውን የሚመነትፈው ሌባ ላፕቶፑን ወስዶ ባካፑን በክብር እንዲመልስለት ነው እንግዲህ ተስፋው።

ይሄስ የዋህ ነው ይባል። የሚብሰው «እኔ እንኳ ሲንክ ነው የማደርገው» ባዩ ነው። ሲንክ ሁለት ቦታ ያሉ ፋይሎችን የሚያመሳስል ነው፤ ሰውዬው ከምርጫዎቹ ሁሉ «ሚረር»ን ይመርጣል። ሚረር ኮምፒውተሩ ላይ ያገኘውን ወደ ሃርድ ዲስኩ ይገለብጣል፤ ኮምፒውተሩ ላይ ያጣውን ደግሞ ከሃርድ ዲስኩ ይሰርዛል። ሌሊት እንቅልፍ እያዳፋዎት የመመረቂያ ጽሑፍዎን ምዕራፍ 3 ቢያጠፉ፣ ጠዋት «እሺ ጌታዬ» ብሎ ከዚያኛውም ያጠፋልዎታል። እንዲህ ያለ ታዛዥ አሽከር በደጉ ዘመንም አልተገኘ! ሮቦኮፒ የሚባለውን የዊንዶውስ መገልበጫ ትእዛዝ የሚጠቀም ሰው ሚረር ከሚያስደርገው «ስላሽ ኤምአይአር» (/MIR) ጎን «ስላሽ ኤል» (/L) ቢጨምርበት፣ ፕሮግራሙ አንድም ፋይል ሳይነካ ያሰበውን ብቻ ይዘረዝራል። «ኤክስትራ ፋይል» የሚል የተለጠፈበት ሁሉ ለስረዛ የተሰለፈ ነው። ፍሪፋይልሲንክ የሚባለው የሲንክ ፕሮግራም ላይ ደግሞ «ቨርዥኒንግ» ቢመርጡ፣ የተሰረዘውን ሌላ ፎልደር ውስጥ ያኖርልዎታል።

«ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ሲባል ሰው ሁሉ ልቅሶው ላይ ያተኩራል። እኔ የምወደው «መጥኖ» የምትለዋን ነው። እናቶቻችን ጤፍ ሲገዙ ከጆንያው ሥር ዘግነው ያያሉ፤ ልጆቻቸው በርካሽ የተሸጠላቸውን «2 ቴራባይት» ፍላሽ ጽሑፉን አንብበው ያምናሉ። ውስጡ 32 ጊጋባይት ቢሆንስ? የውሸቱ ፍላሽ ሞላሁ አይልም፤ የተረፈውን ይውጣል፣ ወይ በፊተኛው ላይ ይደርባል። የፋይሉ ስም ይታያል፣ ሲከፈት ግን ባዶ ነው። ኤችቱቴስትደብሊው (H2testw) የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ፍላሹን እስከ አፉ ሞልቶ መልሶ ያነበዋል። ሰዓታት ይፈጃል፣ ይፍጅ።

ፍላሽ ካልኩ ኮፒ ቤቶቹን ሳላነሳ አላልፍም። ሰውዬው ባካፑ ያለበትን ያንኑ ፍላሽ ይዞ 3 ገጽ ፕሪንት ለማድረግ ወደ ኮፒ ቤት ጎራ ይላል። ሲወጣ ፎልደሮቹ ሁሉ ቀስት ያለባቸው፣ ክብደታቸው 1 እና 2 ኪሎባይት የሆነ ሾርትከት ሆነዋል። «ቫይረስ በልቶታል፣ ፎርማት ላድርግልህ?» ይላል ልጁ። አልበላውም! ፋይሉ ብዙ ጊዜ እዚያው ተደብቆ ነው ያለው። ሾርትከቱን አይጫኑት፣ ቫይረሱን የሚያስነሳው እሱ ነው፤ ቫይረሱን አጽድቶ የድብቅነቱን ምልክት «አትሪብ» (attrib) በምትባል ትእዛዝ ማንሳት የደቂቃዎች ሥራ ነው። ስንት ሰው ግን «እሺ፣ ፎርማት አድርገው» ብሎ የዓመት ልፋቱን በገዛ አፉ አስጠፍቷል!

ሰዓቱም አለ። የዴስክቶፑን ሰዓት የሚያስኬደው ሲአር2032 የሚባል ትንሽ ክብ ባትሪ ሲደክም ሰዓቱ ዓመታት ወደ ኋላ ይሸሻል፤ 7 ወይም 8 ዓመት ከሆነማ የእኛን አቆጣጠር የያዘ መስሎን እንስቃለን። «አዲሱ ያሸንፍ» የተባለ ሲንክ ግን አይስቅም፤ የዛሬውን ሥራ አሮጌ ነው ብሎ በአምናው ይተካዋል።

ቦርሳው ላይ ነበርን። ሃርድ ዲስኩ ከቦርሳው ይውጣና ቤት፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ ሲባል መልሱ ምን ይሆናል?

«ቤት ረስቼው ብወጣስ?»